ኮምፒውተሬ የዋጠው ቅዳሜ

የእናቴ አርባ ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኮምፒውተሬ አንድ ፎልደር አልከፍትም አለኝ። ሌላውን ሁሉ ይከፍታል። የቤት ኪራዩን ውል ይከፍታል፣ የመሥሪያ ቤቴን ሪፖርት ይከፍታል፣ ማንም የማያየውን የድሮ ፊልም ሳይቀር ይከፍታል። የእናቴን ፎቶዎች ያስቀመጥኩበትን ስነካ ግን ፋይሎቹን የሚያሳየው መስኮት ብቅ ይላል፣ ከላዩ ያለችው አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለች ትጓዛለች፣ መሃል ስትደርስ ቆም ትላለች፣ መስኮቱ ራሱን ሊስት እንደሆነ ሰው ነጭ ይሆናል፣ ከዚያ ድርግም! ከስክሪኑ ግርጌ ያለው ሁሉ አብሮት ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ምንም እንዳልተፈጠረ።

እውነቱን ልናገር፣ የቸኮልኩት ለእናቴ ፎቶ ብቻ አልነበረም። እዚያው ፎልደር ውስጥ አንድ ቪዲዮ ነበረ። በዚያ ቪዲዮ አንዲት ሴት ላዋርድበት አስቤ ነበር። በሰው ፊት፣ በእናቴ አርባ፣ እንጀራዋን እንደያዘች።

ሴትዮዋ ጓደኛዬ ናት። ሁለታችንም ደሴ ነው ያደግነው፣ የተዋወቅነው ግን ካምፓላ ነው። እኔ ሙየንጋ አቀበቱ ላይ ተከራይቼ እኖራለሁ፣ እሷ ደግሞ ከአቀበቱ ሥር በርበሬና ጨርቅ የምትሸጥበት ሱቅ አላት። እሷ ሙስሊም ናት፣ እኔ ክርስቲያን። ስለዚህ ሥጋ አብረን በልተን አናውቅም፣ የየራሳችንን ነው የምንበላው። ዓሣ ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። እናም ደስ ሲለን ጋባ ወርደን ሐይቁ ዳር አንድ ትልቅ የተጠበሰ ዓሣ እናዝዝና ከአንድ ሳህን እንበላለን። ወንድሜ እንኳን ከደሴ ደውሎ ስልኬን ካላነሳሁ እሷ ጋ ነው የሚደውለው፤ የት እንዳለሁ ከኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት በሬን አንኳኳች። ሱቋን ዘግታለች። ቅዳሜ ሱቅ ዘግታ አላውቃትም። ዛሬ ጋባ እንሂድ አለችኝ። ምነው ደግ ሆንሽ ብዬ ቀለድኩባት፣ ቶሎ ልበሺ አለችኝ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ ማለት ይሄኔ ነው። በየፊናችን ቦዳ የሚሉትን የሞተር ታክሲ ይዘን ወረድን። እዚያ ስንደርስ ስልክሽን አምጪ ላንሳሽ አለችኝና ተቀበለችኝ፣ ከዚያ በኋላ ስልኬ ከእጇ አልወጣም። በቅርጫት የጥፍር ቀለም ይዞ እየዞረ የሚቀባውን ሰውዬ ጠርታ እጄን ሰጠችው። ቀይ ምረጪ አለችኝ። ቀይ መረጥኩ። ከጎናችን ካለው ቤት ሙዚቃ ተለቆ ነበር፤ የዓሣውን ጭራ ይዤ ትከሻዬን ሰበቅሁ፣ የማያውቁኝ ሰዎች አጨበጨቡልኝ፣ እሷም እየቀረጸች በርቺ በርቺ አለችኝ። መጨረሻ ላይ ስልኬ ሲሚንቶው ላይ ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። እሷ ናት የጣለችው። ትንሽ አኮረፍኩ፣ ተውኩት።

እሑድ ጎህ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። በአገራችን ወግ ሞት በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ ከቤት ድረስ መጥቶ ነው የሚያረዳው። በሩን ስከፍት ቄሱን አየሁ፣ ሽማግሌዎቹን አየሁ፣ ከነሱ ኋላ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ጓደኛዬን አየሁ። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅሁት። እናቴ ዓርብ ማታ ነው ያረፈችው። ወንድሜ ያኔውኑ ለሷ ደውሎ፣ አደራ፣ ሰው እስኪሰበሰብ ስልክ እንዳታነሳ ያዢልኝ ብሏታል። እሷም ያዘችልኝ። እናቴ የተቀበረችው ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ነው። እናቴ ላይ አፈር ሲመለስ እኔ ጋባ ላይ የዓሣ ጭራ ይዤ ስጨፍር ነበር። ለቅሶ የተቀመጥኩትም በዚያ በቀይ ጥፍሬ ነው። ደረቴን በመታሁ ቁጥር ቀዩ ጥፍር ይታየኝ ነበር፣ ሰውም ያየዋል። አንዲት ሴትዮ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሸሸገችልኝ።

ለቀብሯ በደረስኩ አልልም፣ አልደርስም። ግን በቀብሯ ሰዓት ማልቀስ መብቴ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ይቅር ይባላል? ወይ ነዶ! አንጀቴ ቅጥል አለ። ወንድሜ ሩቅ ነው፣ በስልክ ሰድቤው ወጣልኝ። እሷን ግን ከአጠገቤ አላጣኋትም፤ ለቅሶው እስኪያበቃ ድረስ በየቀኑ እየመጣች ቡና ስታቀርብ፣ ድንኳን ስታስጠርግ፣ ሰው ስትቀበል ነበር። አንድ ቃል አልተነፈስኩላትም። አብሽሪ እህቴ እያለች ጀርባዬን ስትዳብስ ትከሻዬን ድንጋይ አደርገዋለሁ። ቄሱ ሊያጽናኑኝ መጥተው ነገሩ ገብቷቸው ነው መሰለኝ፣ «ልጄ፣ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው» አሉኝ። እሺ አባቴ አልኳቸው። በሆዴ ግን፣ እኔ ጸሎቱን ትቼ ቂሙን ብቻ ነው የያዝኩት፣ ስለዚህ አያስለኝም አልኩ።

ቂሜን የምወጣበትን መንገድ ያገኘሁት ያን የተሰነጠቀ ስልክ ሳልጥለው በፊት ውስጡ ያለውን ሁሉ ወደ ኮምፒውተሬ በገለበጥኩ ቀን ነው። የጋባው ቪዲዮም አብሮ ገባ፤ ሲገለበጥ ስሙን ባየሁ ጊዜ ሐሳቡ መጣልኝ። በአርባው ዕለት ላፕቶፑን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኝቼ የእናቴን ፎቶዎች ለሰው አሳያለሁ፤ ልጅነቷን፣ ሠርጓን፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ያለችውን። ከመሃል የጋባው ይመጣል። ሰው ሁሉ እኔን ስጨፍር ያያል፣ የሷን ድምፅ በርቺ ሲል ይሰማል። ያኔ ዘወር ብዬ፣ ይህ እናቴ የተቀበረችበት ሰዓት ነው፣ የምትሰሟትም ይህችው ናት እላለሁ። ካምፓላ ያለ አበሻ ከዚያ ወዲያ የአደራ ቃል አይሰጣትም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስልኩ ወዲያው ጨርሶ ጨለመ፣ ለመለዋወጫ ነጋዴ ሰጠሁት። ቪዲዮው ኮምፒውተሬ ውስጥ ብቻ ቀረ።

ታዲያ ይሄ ርጉም ኮምፒውተር እምቢ ይበለኝ? መጀመሪያ አጥፍቼ አበራሁት። ድርግም። ቫይረስ ይሆናል ብዬ አስፈተሽኩት፣ ንጹሕ ነው አለኝ። ንጹሕ! ኢንተርኔት ላይ ብገባ የዓለም ሕዝብ ይህ መስኮት እየተዘጋበት ሲያለቅስ አገኘሁ፣ እያንዳንዱ አልቃሽ ደግሞ የየራሱ መድኃኒት አለው። አዲሱን ስሪት ጫኝ ሲሉኝ ጫንኩ። የተጨማመሩትን ፕሮግራሞች አውጪ ሲሉኝ አንድ በአንድ አወጣኋቸው፤ ኮምፒውተሩ ራቁቱን ቀረ፣ ፎልደሩ ግን እንደተቆለፈ ነው። የግድ የሚያስፈልገውን ብቻ ይዞ እንዲነሳ አድርገሽ ሞክሪ አሉኝ። ያን ጊዜ ተስፋ ነበረኝ፣ አረንጓዴዋ መስመር ከወትሮው አለፍ ብላ ሄደች። ከዚያ ድርግም። ቆይ አሳይሃለሁ ብዬ ክዳኑን ጠረቀምኩበት። ኮምፒውተርን መማታት ነውር ባይሆን ኖሮ በጥፊ እለው ነበር።

በማግስቱ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ፣ ተማሪዎች ኮምፒውተር ወደሚያሠሩበት አንድ ሱቅ ይዤው ሄድኩ። ባለሙያው አገላብጦ አየው፣ ፎልደሩን ከፈተ፣ ሲዘጋበት ሳቀ። ሙሉ በሙሉ ጠርገን እንደ አዲስ እንጫንልሽ አለኝ። ውስጡ ያለውስ ብዬ ስጠይቀው ሌላ ቦታ ቅጂ አለሽ አይደል አለኝ። ቅጂ! የእናቴን ፊት እንደ ገበያ ልብስ ደጋግመው የሚሰፉት ይመስል ቅጂ ይጠይቀኛል። ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቄ ወጣሁና ቦዳ ላይ ጭኔ ላይ አቅፌው ተመለስኩ። ንዴቴን ሁሉ ጓደኛዬ ላይ ጫንኩት። ስልኬን ባትጥል አልገለብጠውም ነበር፣ ባልገለብጠው ይሄ አይመጣም ነበር አልኩ። እንዲህ ስል ምን ያህል እውነት እንደተናገርኩ አላወቅሁም።

እቤት ደርሼ ሻይ አፍልቼ በረንዳ ላይ ተቀመጥኩና እንደ ጠላት አጠናሁት። መቼ ነው የሚዘጋው? ልክ ስከፍተው አይደለም። የፋይሎቹ ስሞች ሊታዩኝ ይጀምራሉ። ከየስሙ በላይ ደግሞ ፎቶው በትንሹ እየተሳለ ይወጣል፤ አንድ፣ ሌላ፣ ሌላ። መስኮቱ የሚሞተው እነዚህን ትንንሽ ምስሎች እየሳለ ሳለ ነው። እንግዲያው ከውስጡ አንዱ የተበላሸ ፋይል ነው፤ ኮምፒውተሩ ያንን ሊስል ሲሞክር ነው የሚታነቀው። እሰይ! ምስል አትሳል፣ ስም ብቻ አሳየኝ ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል አንዱ አልቃሽ ጽፎ ነበር። ፈልጌ አገኘሁትና ምልክት አደረግሁበት። ፎልደሩን ነካሁት። ተከፈተ። እየሸሸ የከረመ ስም ሁሉ ተሰልፎ ቆመልኝ።

ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችል ነበር። እኔ ግን ያሠቃየኝ ማን እንደሆነ ሳላውቅ ልተወው አልፈለግሁም። ፋይሎቹን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ወደ ሌላ ፎልደር ወሰድኩ፤ ምስሉን መልሼ አስበራሁና ከፈትኩት። አልተዘጋም። የእናቴ ፎቶዎች እዚህኛው ውስጥ ነበሩ፤ አንድ በአንድ ወጡ። ነጠላዋን አጣፍታ፣ በፀሐዩ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ። ያን ጊዜ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ከዚያ አፍንጫዬን ጠርጌ ወደ ሌላው ግማሽ ሄድኩ። ያኛው ተዘጋ። እሱንም ለሁለት ከፈልኩት። እንደ ድሮ ሌባሻይ ከቤት ቤት እየዞርኩ፣ የተዘጋውን እየከፈልኩ፣ ያልተዘጋውን እያሰናበትኩ፣ ሌባው የተኛበት ደጅ ደረስኩ። አንድ ፋይል ቀረ።

የጋባው ቪዲዮ ነው።

ሳቄ መጣ፣ የንዴት ሳቅ። ሁሉንም የበጠበጠው እኔ የምፈልገው እሱ ራሱ ነው። ደግነቱ የተጎዳ ቪዲዮ እስከቻለው ድረስ የሚያጫውት ሌላ ፕሮግራም አለ፣ ያንን ጫንኩና ከፈትኩት። ሠራ። ምስሉ አልፎ አልፎ እንደ ተበተነ ጠጠር ይሆናል፣ ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነው። ይኸው እኔ፣ ጭራውን ይዤ። ይኸው ቀይ ጥፍሬ። ይኸው የሷ ድምፅ፣ በርቺ፣ በርቺ። የምፈልገው ሁሉ አለ። እጄን አፋተግሁ። ቀሪውን ያየሁት የት ላይ ልቁረጠው ብዬ ብቻ ነው።

ከጭፈራው በኋላ ስልኩን ከእጇ ስወስድ ይታያል። ይህንን ረስቼው ነበር። «አሁን ደግሞ ተራሽ ነው፣ አንቺን ላንሳ» እላለሁ። ካሜራው ይዞርና እሷን ያሳያል። ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ዓሣው አለ፤ በኔ በኩል ያለው ጎኑ አጥንት ብቻ ነው፣ በሷ በኩል ያለው ግን እንዳለ ነው። ጣቷ አልነካውም። ዓይኖቿ አብጠዋል። እኔ ከካሜራው ኋላ እስቃለሁ።

«ምነው አንቺ? ሰው የሞተበት መሰልሽ እኮ! ብይ እንጂ!»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ እጇን ወደኔ ዘረጋች፤ ወደ ስልኩ መስሎኝ ነበር ያኔ። ወደ ስልኩ አልነበረም፣ ወደ ፊቴ ነው። «እህቴ…» አለች። ክንዷ ስልኩን ነካው፣ ሰማዩ ዞረ፣ ሲሚንቶው መጣ፣ ምስሉ ተበታተነ፣ ጨለመ። ቪዲዮው ሳይዘጋ የተቋረጠው እዚያ ላይ ነው፣ ኮምፒውተሬም ሊስለው በሞከረ ቁጥር የሚታነቀው እዚያው ላይ ነው።

ልትነግረኝ ነበር። አደራውን ልትበላ ነበር። እኔ ደግሞ የስልኬን መስታወት አይቼ ተነጫነጭኩ፣ እሷም አፏን መልሳ ዘጋችው።

ማንም ሰው ይህን አይቶ ልቡ ይራራል፣ አውቃለሁ። የኔ አልራራም፣ ተናደድኩ። ስንት ቀን ታግዬ ያወጣሁት ማስረጃ ለሷ መሰከረላት! አርባው ላይ ባሳየው ሰው ለማን ያለቅሳል? ለሷ። ምስኪን፣ ብቻዋን ተሸክማው፣ እህል ሳትቀምስ ይላታል። በእናቴ አርባ እሷን ሊያጽናኑልኝ! እሱንስ አልሰጣትም። ቪዲዮውን ብቻውን ሌላ ፎልደር ውስጥ አስገባሁት። አልሰረዝኩትም፣ ያን ያህል ቅን አይደለሁም።

አርባው ደረሰ። ሳትጠራ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣ ሁላችንም የምንበላው የምስር ወጥ በትልቅ ድስት አሸክማ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ተቀመጠች። የእናቴን ፎቶዎች አሳየሁ፤ ሰው አየ፣ ከንፈሩን መጠጠ፣ ነፍስ ይማር አለ። አንዲት ጎረቤት ወደኔ ጠጋ ብላ፣ እንዲህ ያለች ጓደኛ ማን አላት አለችኝ። ጥርሴን ነከስኩ። ጓደኛዬን እንጀራ ቀርቦላት አየኋት፤ ትቆርሳለች፣ ታንከባልለዋለች፣ ሳህኗ ላይ መልሳ ታስቀምጠዋለች። አሁንም አትበላም። ቅጣቷን ያወቅሁት ያኔ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱቋ ሄድኩ። ከመርዶው ወዲህ ያናገርኳት የመጀመሪያው ቃል «ዝጊው» የሚል ነበር። ቁልፉን አውጥታ ሱቋን ቆለፈች። ቦዳ ይዘን ጋባ ወረድን። ያቺኑ ጠረጴዛ ፈልጌ አገኘሁ፣ ሰዎች ተቀምጠውባት ስለነበር እስኪነሱ ቆመን ጠበቅን። አንድ ዓሣ አዘዝኩ። ሲመጣ ሳህኑን ሙሉ በሙሉ ወደሷ ገፋሁት።

«ብይ» አልኳት።

«አንቺስ?»

«እኔ ሰው ሞቶብኛል።»

ቃሉን አወቀችው። የት እንደሰማችው ፊቷ ላይ ሲመለስ አየሁት። እጇን ታጥባ ቢስሚላህ ብላ ጀመረች። እንባዋ ዓሣው ላይ ይወርዳል፣ እሷ ትበላለች። ውሃ ልጠጣ ስትል ጨርሺ አልኳት። አንዱን ጎን ጨርሳ አጥንቱ ሲታይ ትነሳለች ብዬ ነበር፣ ገለበጠችው። በዚያ በኩል ካለው ሥጋ ከሆዱ ላይ ወፍራሙን ቆረሰች፣ እሾሁን በጥፍሯ ለቀመች፣ ትንሽ ጨው ነካ አደረገችበትና ወደ አፌ ዘረጋችው።

አየኋት። ጀልባዎቹ ገብተው ዓሣ የሚያወርዱት ሰዎች ይጮኻሉ፣ ጥፍር ቀቢው ቅርጫቱን ይዞ አለፈ። ክንዷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ አላወረደችውም። ጉርሻ አይመለስም፣ ያንን ሁለታችንም እናውቃለን። አፌን ከፈትኩላት። ከመክፈቴ በፊት ግን ክንዷ እስኪዝል አስጠበቅኋት።